የቅንጡ መኪና ውስጥ ሲፈተሽ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ቅንጡ መኪኖች የውስጥ አሠራር፣ ማለትም ስለ ቆዳው፣ እንጨቱ፣ ዳሽቦርዱ፣ ጣሪያውና መጋጠሚያዎቹ፣ ለቀረቡ ጥያቄዎች መልሶቹ እነሆ። ከወዲሁ አንድ ነገር ልበል፦ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበትን ቦታ ማሳመር ቀላል ነው። ጥራት የሚለየው እጅ እምብዛም በማይደርስበት ቦታ፣ ክፍሎቹ በተያያዙበት መንገድና ሙቀት በሚችሉበት አቅም ነው።

ጥያቄ፦ ሻጮች በሩን «ድም» አድርገው ይዘጉና «ጥራት ማለት ይሄ ነው» ይላሉ። የበር ድምፅ ስለ ውስጡ የሚናገረው ነገር አለ?

ስለ በሩ እንጂ ስለ ውስጡ ብዙም አይናገርም። ያ ወፍራም ድምፅ ታስቦበት የሚሠራ ነው። በበሩ ቆርቆሮ ላይ ንዝረት የሚውጥ የሬንጅ ወይም የቡቲል ጎማ ንጣፍ ይለጠፋል፣ የመቆለፊያው ብረት ፕላስቲክ ይለብሳል፣ በበሩ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ጎማ (ጎሚኒው) ድርብ ይሆናል። ከጆሮዎ ይልቅ እጅዎን ይመኑ። በሩን ከፍተው የክንድ ማሳረፊያውን ወደ ታች ይጫኑ፣ በሩ የሚሳብበትን እጀታ ወደ ራስዎ ይሳቡ። የበሩ የውስጥ ሽፋን (ፓነሉ) ከቆርቆሮው ተለይቶ ከተንቀሳቀሰ ወይ የሚይዙት ማያያዣዎች (ክሊፖች) ላልተዋል፣ ወይ ተፈትቶ በአሮጌ ክሊፕ ተመልሷል። ቀጥሎ መስታወቱን እስከ ግማሽ አውርደው በሩን ይዝጉ። መስታወቱ ከተንኳኳ የሚንሸራተትበት ጎማ አልቋል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ቅንጡ መኪና ልገዛ ነው። ውስጡን በምን ቅደም ተከተል ልፈትሽ?

መጀመሪያ በአፍንጫ። በሮቹና መስኮቶቹ ተዘግተው የቆዩበትን መኪና ከፍተው ወዲያው ያሽትቱ። የሻጋታ ሽታ ካለ፣ ወይም ሽታ ለመሸፈን ብዙ ሽቶ ከተረጨ፣ በቀጥታ ወደ ወለሉ ይሂዱ። በእነዚህ መኪኖች ምንጣፍ ሥር ወፍራም ስፖንጅ ስላለ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለሳምንታት ውሃ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ደረቅ ጨርቅ አስቀምጠው በቡጢ አጥብቀው ይጫኑ፣ ከዚያ ጨርቁን ይመልከቱ። ጣሪያቸው የሚከፈት መኪኖች በማዕዘኖቹ ቀጫጭን የውሃ መውረጃ ቱቦ አላቸው። ቅጠልና አቧራ ሲደፍናቸው ውሃው ወደ ውስጥ ይወርዳል። አንዳንድ ሞዴሎች የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ሳጥኖቻቸውን ምንጣፉ ሥር ስለሚያስቀምጡ ጉዳቱ ከሽታ አልፎ መኪናውን እስከ ማቆም ይደርሳል። የደህንነት ቀበቶውንም እስከ መጨረሻው ስበው ያውጡት። ጭቃ ወይም የእርጥበት መስመር ከታየበት ጥርጣሬዎ በቂ ምክንያት አለው።

ሁለተኛው የእርጅና ንጽጽር ነው። በበሩ በኩል ያለው የሾፌር ወንበር ጉብታ፣ የመሪው ቆዳና የፍሬን መርገጫው ጎማ አብረው ነው የሚያረጁት። የተነበበው ኪሎ ሜትር ትንሽ ሆኖ የመርገጫው ጎማ ከላሸ፣ ወይም ሁሉም አርጅቶ መሪው ብቻ አዲስ ከሆነ ምክንያቱን ሳይጠይቁ አይለፉ።

ሦስተኛው ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምለው ነው። ወንበሩ እንደገና ቆዳ ለብሶ ከሆነ የጎን ኤርባግ ያለበትን ስፌት ይመርምሩ። ያ ስፌት ኤርባጉ ሲነፋ እንዲቀደድ ተብሎ በልዩ ክር የሚሰፋ ነው። በተራ ጠንካራ ክር ከተሰፋ ኤርባጉ ሊዘገይ ወይም በተሳሳተ አቅጣጫ ሊወጣ ይችላል። የወንበር ልብስም ቢሆን ይህን ቦታ የሚሸፍን ከሆነ አይግዙ።

ጥያቄ፦ ሁሉም «እውነተኛ ቆዳ» ይላል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ልዩነቱ ያለው አጨራረሱ ላይ ነው። አብዛኛው የመኪና ቆዳ ላዩ ላይ የቀለምና የመከላከያ ንብርብር አለው። ጠንካራ ነው፣ ግን ንብርብሩ ሲወፍር የፕላስቲክ ስሜት ይሰጣል። አኒሊን የሚባለው በማቅለሚያ ብቻ የተነከረ ሲሆን የቆዳው ተፈጥሯዊ ቀዳዳዎች ይታያሉ። እጅግ ለስላሳ ነው፣ ላብና ፀሐይ ግን ቶሎ ያበላሹታል። ሰሚ አኒሊን በሁለቱ መካከል ያለ ቀጭን ሽፋን ነው፤ ለዕለታዊ መኪና የምመርጠው እሱን ነው። ለመለየት በማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ ውሃ ያስቀምጡ። ጠብታው እንዳለ ከቆየ ቆዳው ተሸፍኗል፤ ገብቶ ካጠቆረው ሽፋኑ የለም ወይም አልቋል።

የቆዳው ምንጭም ይለያል። ሮልስ ሮይስ የኮርማ ቆዳ የሚመርጠው ላም ስታረግዝ ቆዳዋ ተለጥጦ መስመር ስለሚቀርበት ነው። ደግሞም «የቆዳ ወንበር» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰውነት የሚነካው ፊት ብቻ ቆዳ ሆኖ ጎኑና ጀርባው ሰው ሠራሽ ነው። የሜርሴዲስ አርቲኮና የቢኤምደብሊው ሴንሳቴክ ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ ናቸው። በዚህ ማንም ማፈር የለበትም፤ ጥሩ ሰው ሠራሽ ከደካማ ቆዳ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ወይም ዘይት ልቀባው?

አይቀቡት። የተሸፈነ ቆዳ ዘይት አይጠጣም። ዘይቱ ላዩ ላይ ቀርቶ አቧራ ይይዛል፣ አቧራው በተቀመጡ ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሽፋኑን ይፍቃል። መጀመሪያ አቧራውን በመምጠጫ ያንሱ፣ ከዚያ ለቆዳ የተሠራ ገለልተኛ ማጽጃ ለስላሳ ብሩሽ ላይ አድርገው በአረፋው ብቻ ይሹት፣ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ያድርቁት። የእጅ ማጽጃ አልኮል መሪውን ቶሎ ስለሚጎዳ እጅ ከደረቀ በኋላ ይንዱ። አልካንታራ ደግሞ ከፖሊስተርና ከፖሊዩሬቴን የተሠራ ጨርቅ እንጂ ቆዳ አይደለም፤ የቆዳ ቅባት ፈጽሞ አይንካው።

ጥያቄ፦ ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት መጫኛ ቁልፎች እጅ ላይ ይጣበቃሉ። ቆሻሻ ነው?

ቆሻሻ አይደለም። ለልስላሴ የተቀባው የፖሊዩሬቴን ቀለም በእርጥበትና በሙቀት ፈርሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ በተሠሩ የጣሊያን ቅንጡ መኪኖች ላይ በሰፊው ይታወቃል። በአይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ ጨርቅና በፕላስቲክ መፋቂያ ሙሉ በሙሉ ማንሳት ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን ምልክቱ የት እንዳለ ይዩ። በብዙ ቁልፎች ላይ ምልክቱ ራሱ ቀለሙ ላይ በሌዘር የተቀረጸ ነው፤ ቀለሙ ሲነሳ ምልክቱም አብሮ ይጠፋል። እንዲህ ከሆነ አዲስ ቁልፍ መግዛት ወይም ቀለም ቀብቶ ለሚቀርጽ ባለሙያ መስጠት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ዳሽቦርዱ አካባቢ ድምፅ አለ፤ ሦስት ቦታ ተፈትቶም አልጠፋም።

ያለ ምርመራ መፍታት ሌላ ድምፅ ይፈጥራል፤ እያንዳንዱ ፍቺ ክሊፕ ያላላል። መጀመሪያ የድምፁን ዓይነት ይለዩ። ሲጢጥ የሚል ከሆነ ሁለት ነገሮች እየተጣበቁና እየተላቀቁ ይፋተጋሉ፤ ቋ ቋ የሚል ከሆነ የላላ ነገር እየተጋጨ ነው። ጠዋት በቅዝቃዜ ብቻ መጥቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ፕላስቲኩ በሙቀት ሲሰፋ ክፍተቱ እየተዘጋ ነው።

ከዚያ ሁሉንም ኪስና ሳጥን ባዶ ያድርጉ፣ የመነጽር ማስቀመጫውን ጭምር። ሌላ ሰው ይንዳ፣ እርስዎ አንድ በአንድ እየተጫኑ ያዳምጡ። ሲጫኑ ድምፁ የሚቆምበት ቦታ ላይ ምልክት ያድርጉ። ለሲጢጥታ በሁለቱ ፕላስቲኮች መካከል ለሽቦ መጠቅለያ የሚውለውን ለስላሳ የጨርቅ ቴፕ ይለጥፉ። ለግጭት ክሊፑን በአዲስ ይቀይሩ፤ አሮጌውን በቴፕ ማወፈር አይበረክትም። የበር ጎሚኒ ከሆነ የሚጮኸው አጽድተው ለጎማ የሚስማማ ቅባት በስሱ ይቀቡ። ሲሊኮን በየቦታው መርጨት ግን ይቅር፤ መርገጫውን ያንሸራትታል፣ ወደፊትም ቀለምና ኮላ እንዳይዝ ያደርጋል። በፊት መስታወቱ ጎንና ጎን ያሉትን የምሰሶ ሽፋኖች ከመንካትዎ በፊት ባትሪ ነቅለው አምራቹ ያዘዘውን ጊዜ ይጠብቁ፤ ከሥራቸው ኤርባግ ሊኖር ይችላል። የእነዚህ ሽፋኖች ክሊፕ በብዙ መኪኖች አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ነው።

ጥያቄ፦ የጣሪያው ጨርቅ ወርዷል። ኮላ በመርፌ ልወጋው?

አይይዝም። የወደቀው ኮላው ሳይሆን ከጨርቁ ጀርባ ያለው ቀጭን ስፖንጅ ነው፤ በሙቀት ወደ ዱቄት ተቀይሯል። ጨርቁ የተለጠፈበት ሰሌዳ እንዳለ መውረድ፣ አሮጌው ስፖንጅ በደረቅ ብሩሽ እስከ መጨረሻው መነሳት፣ ከዚያ ስፖንጅ ያለው አዲስ ጨርቅ ከፍተኛ ሙቀት በሚችል ኮላ መለጠፍ አለበት። ኮላው ሁለቱም ገጽ ላይ ይረጫል፣ እጅ ላይ እስከማይጣበቅ ይደርቃል፣ ከመሀል ወደ ዳር ይለጠፋል። ሰሌዳው ሲወርድ እንዳይታጠፍ ሁለት ሰው ይያዘው፤ የተሰበረ ሰሌዳ መስመሩ ሁልጊዜ ይታያል።

ጥያቄ፦ የሚያብረቀርቀው ጥቁር ፕላስቲክ አዲስ ሳለ ተቧጨረ።

ስህተቱ የነጂው አይደለም፣ ፕላስቲኩን የመረጠው የዲዛይነሩ ነው። እጅ በሚበዛበት፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ባለው ኮንሶል ላይ መደረግ አልነበረበትም። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ አይጥረጉ፤ መጀመሪያ ይንፉት፣ ከዚያ በረጠበ ንጹሕ ማይክሮፋይበር ይጥረጉት። ገና ካልተቧጨረ ግልጽ መከላከያ ፊልም ይለጥፉበት።

ጥያቄ፦ እንጨቱ እውነተኛ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

እውነተኛውም ቢሆን ግንድ አይደለም፤ ከ1 ሚሊሜትር በታች ቀጭን ልጣጭ በብረት ወይም በሌላ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነው። የእንጨቱ መስመር በተለያዩ ቁራጮች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ከተደጋገመ የታተመ ምስል ነው። በቅንጡዎቹ ላይ ግራና ቀኙ እንደ መስታወት ተቃራኒ ሆኖ ይገጥማል፤ ምክንያቱም ከአንድ እንጨት ተከታታይ ልጣጮች ተነጥለው ጎን ለጎን ይከፈታሉ። ከእንጨቱ ላይ ባለው ግልጽ ሽፋን (ላኬር) ላይ ጸጉር መሰል ስንጥቅ ከታየ ፀሐይና እርጥበት ገብተዋል። ላዩን መወልወል አያድነውም። ላኬሩ መነሳት አለበት፣ ልጣጩ ግን በጣም ስስ ስለሆነ አንድ ጠንከር ያለ ፍቅፈቃ ይበሳዋል። ለዚህ ሥራ የእንጨት ልጣጭ የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጉ፤ የመኪና ቀለም ቀቢ አይበቃም።