በእንግሊዝ አገር ቢላዋ ይዞ መውጣት፦ ጥያቄና መልስ

ጠበቃ አይደለሁም። ለንደን ውስጥ ምግብ አብሳይ ነኝ፤ ቢላዎቼን በአውቶቡስ ይዤ ስለምመላለስ ሕጉን ማወቅ ግድ ሆኖብኛል። የምመልሰው ስለ እንግሊዝና ዌልስ ብቻ ነው፤ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ሕግ አላቸው።

ኪሴ ውስጥ ሰንጢ መያዝ እችላለሁ?

ትችላለህ ወንድሜ፤ ነገር ግን በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ሁለት ነገር ይጠይቃል። የስለቱ ርዝመት ከ3 ኢንች (7.62 ሴንቲሜትር) አይበልጥም፤ ሲዘረጋም አይቆለፍም። ብዙ ሰው የሚያዝበት ሁለተኛው ነው። ሰንጢውን ዘርጋና የስለቱን ጀርባ በአውራ ጣትህ ገፋ አድርገው። ዝም ብሎ ከታጠፈ ደህና ነው። ለማጠፍ ትንሿን ብረት መጫን ወይም ቀለበቷን ማዞር ካስፈለገህ ግን ስለቱ 5 ሴንቲሜትር ብቻ ቢሆንም እንኳ ያለ በቂ ምክንያት ይዘኸው መውጣት አትችልም። ፒንሳና ስለት አንድ ላይ ያላቸው ሁለገብ መሣሪያዎችም ብዙዎቹ ይቆለፋሉ፤ ሳትፈትን አትግዛ።

ሌሊት ታክሲ እነዳለሁ። ባልደረቦቼ ተዘርፈዋል። ራሴን ለመከላከል መኪናው ውስጥ አንድ ነገር ባስቀምጥስ?

ጋሼ፣ ስጋትዎ ይገባኛል፤ መልሴ ግን አይሆንም ነው። «ምናልባት ቢያጠቁኝ» የሚል ስጋት በቂ ምክንያት ተብሎ አይቆጠርም። እንዲያውም ለፖሊስ «ለመከላከያ ነው» ካሉ ጥፋቱን በራስዎ አፍ ተናገሩ ማለት ነው፤ በ1953 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ሰውን ለመጉዳት ታስቦ የተያዘ ማንኛውም ዕቃ፣ ካቻቢቴም ቢሆን፣ የጦር መሣሪያ ይሆናል። መንገድ ላይ ያለ መኪናም ከሕዝብ ቦታ አያወጣዎትም። ቅጣቱ እስከ 4 ዓመት እስራት ይደርሳል፤ በዚሁ ጥፋት ለሁለተኛ ጊዜ የተፈረደበት አዋቂ ደግሞ በመርሕ ደረጃ ከ6 ወር ያላነሰ ይታሰራል። ዜግነት ያልወሰደ ሰው 12 ወርና ከዚያ በላይ ከተፈረደበት ከአገር የማስወጣት ጉዳይ ይከተለዋል። ለካሜራና በሾፌሩና በተሳፋሪው መካከል ለሚገባ መከለያ የሚወጣው ገንዘብ ከዚህ ሁሉ ይረክሳል።

ምግብ ቤት ተቀጠርኩ፤ የራስሽን ቢላዋ አምጪ ተባልኩ። በባቡር እንዴት ልያዘው?

እህቴ፣ ሥራ በሕጉ ላይ በስም የተጠቀሰ ምክንያት ነው፤ ግን ምክንያቱን የማስረዳቱ ሸክም በአንቺ ላይ ነው። እኔ እያንዳንዱን ስለት የፕላስቲክ ሽፋኑን አልብሼ፣ በወፍራም ሸራ ጠቅልዬ፣ በማሰሪያው አጥብቄ ከቦርሳዬ ታችኛው ክፍል እከተዋለሁ፤ ከላይ ሽርጤንና የሥራ ልብሴን እጭንበታለሁ። የአሠሪሽን ስልክና የሥራ ሰዓትሽን የሚያሳይ ወረቀት አብሮ ይኑር። ዋናው ነገር ምክንያቱ ከጉዞው ጋር መሄዱ ነው፦ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት። ከሥራ በኋላ ከጓደኞችሽ ጋር ወደ መጠጥ ቤት ጎራ ካልሽ ያ ምክንያት ይሳሳል። ሥራ ቦታሽ ቁልፍ ያለው ሣጥን ካለ እዚያው ትተሽው ብትሄጂ ይሻላል።

ለማኅበር ጥሬ ሥጋ ይዘን ስንሄድ ካራችንንም እንይዛለን። ይህስ?

ሥጋው አብሮ ካለ፣ የምትሄዱበት ቤትም ከታወቀ፣ ለፖሊስም ለፍርድ ቤትም የሚገባ ምክንያት ነው። ጣጣው የሚመጣው ድግሱ ካለፈ በኋላ ካራው ከመኪናው ወንበር ሥር ሲቀር ነው። «ረስቼው ነው» ማለት ብቻውን በቂ ምክንያት እንዳልሆነ ፍርድ ቤቶች ወስነዋል። ስለቱ ደነዘ ማለትም አያድንም፤ የቅቤ መቀቢያ ቢላዋ እንኳ በሕጉ ውስጥ እንደሚወድቅ በ2005 እ.ኤ.አ. ተፈርዷል።

ከአያቴ የወረስኩት ጎራዴ አለ። ወደዚህ ላስመጣው?

ቀጥ ያለ ከሆነ በአብዛኛው ቀላል ነው። ቆልማማ ሆኖ ስለቱ 50 ሴንቲሜትር ከደረሰ፣ ሾተልም ይሁን ሌላ፣ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አገር ማስገባቱ ታግዷል። ከእገዳው ነፃ የሚሆኑት ከ1954 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩትና በባህላዊ የእጅ ሙያ የተሠሩት ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል፦ ጎራዴ ሁሉ አገር ቤት የተቀጠቀጠ አይደለም፤ የብዙዎቹ ስለት ከጀርመን ዞሊንገን የመጣ የፋብሪካ ሥራ ነው። ከእጀታው ሥር የተመታ ማህተም ካየህ በዕድሜው እንጂ በእጅ ሥራነቱ አትከራከር። ማህተሙን ፎቶግራፍ አንሳ፤ ዕድሜውን የሚመሰክር የቤተሰብ ፎቶ ካለም አያይዘው። ከገባ በኋላ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ ታጥቀኸው አትወጣም።

የአፋር ሠርግ ላይ ሙሽራው ጊሌ ሊታጠቅ ይችላል?

የብሔር ልብስ አካል መሆኑን ሕጉ በግልጽ ይቀበላል፤ የስኮትላንድ ወንዶች ካልሲያቸው ውስጥ የሚሽጧት ትንሽ ጩቤም በዚሁ ታልፋለች። ታዲያ ጊሌውን ከሙሉ ልብሱ ጋር፣ ለሠርጉ ይታጠቅ። በጂንስ ሱሪ ላይ አይሠራም።

የ15 ዓመት ልጄ መሳቢያ ውስጥ ጥርስ ጥርስ ያለው ትልቅ ገጀራ አገኘሁ። ምን ላድርግ?

እናቴ፣ ዛሬውኑ ከቤትዎ ይውጣ። ለአትክልት የሚሆን ተራ ገጀራ አልታገደም፤ ሹል ጫፍና ከ8 ኢንች የሚበልጥ ስለት ኖሮት እንዲህ ጥርስ የወጣለት ግን ከመስከረም 24 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ውስጥ መገኘቱ ራሱ ጥፋት ነው። ደግሞም ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ይህን የሸጠው ሰው ሕግ ጥሷል። ለፖሊስ ጣቢያው አስቀድመው ይደውሉና እንዴት እንደሚያስረክቡ ይጠይቁ፤ በብዙ ከተሞች የቢላዋ መጣያ የብረት ሣጥኖችም አሉ። በወፍራም ካርቶን ጠቅልለው በፕላስተር ያሽጉት፤ ልጁን አያሸክሙት፣ እርስዎ ራስዎ በቀጥታ ይውሰዱት።