መልስ፦ ከ50 ጥይት በኋላ ቀለህ የሚቀረቀርበት የዒላማ ሽጉጥ

የ.22 ካሊበር ሽጉጥህ ከ50 ጥይት በኋላ ቀለህ እየያዘ ስላስቸገረህ የመመለሻ ሞላውን (ከተኩስ በኋላ ተንሸራታቹን ክፍል ወደ ቦታው የሚመልሰውን) ልቀይር ወይ ብለሃል፤ አትቸኩል። የመጀመሪያዎቹን 50 ጥይቶች ያለ እንከን ተኩሶ ከዚያ በኋላ ባዶው ቀለህ አልወጣ የሚል ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቆሻሻ ነው። የ.22 ጥይት እርሳሱ በሰም ወይም በቅባት የተለበጠ ስለሆነ፣ ሰሙ ከባሩዱ ጥላሸት ጋር ተቀላቅሎ ይጋገራል። የዒላማ ሽጉጥ ደግሞ ለትክክለኛነት ሲባል የጥይት መጉረሻው (ጥይቱ ሲተኮስ የሚቀመጥበት ክፍተት) ጠበብ ተደርጎ ስለሚሠራ ትንሽ ጥላሸት እንኳን ይከብደዋል። የእኔም እንዲሁ ያደርገኝ ነበር።

1. ካዝናውን አውጣ። ጥይት እንዳልጎረሰ በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ።
2. መጉረሻውን በነሐስ ብሩሽና በማጽጃ ፈሳሽ ፈትገው፤ ከዚያ በጨርቅ አድርቀው። ዘይት አትተውበት።
3. ቀለሁን ስቦ የሚያወጣውን ጥፍር ሥሩን በእንጨት ስንጥር ጥረግ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው።

ከዚህ በኋላም ካልተስተካከለ ሌላ ዓይነት ጥይት ሞክር። ከፊል አውቶማቲክ (ከተኮሰ በኋላ ቀጣዩን ጥይት ራሱ የሚያጎርስ) የ.22 ሽጉጥ በጥይት ምርጫው ግትር ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ መመሪያው ካልፈቀደ በቀር ባዶውን ሽጉጥ ቃታ እየሳብክ አትለማመድ። በዚህ ዓይነት ሽጉጥ መርፌው የሚመታው የቀለሁን ጠርዝ ስለሆነ፣ ጥይት ከሌለ የመጉረሻውን አፍ ሊመታ ይችላል። የእኔ በዚህ ምክንያት ጠርዙ ተጎድቶ ነበር፤ ቀለሁ እዚያችው ላይ እየያዘ ስንት ጊዜ ሳጸዳው ከርሜ በመጨረሻ ባለሙያ ነው ያቃናልኝ። በባትሪ ብርሃን አይተህ ጠርዙ ላይ ጭረት ካገኘህ ራስህ አትሞርደው፤ ለባለሙያ ስጠው።