«ደህና ነኝ፣ ግን…»

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። «ክጃለሁ» ያለኝ የለም። «ትልቅ ኃጢአት ውስጥ ወድቄአለሁ» ያለም የለም። ሁሉም «ደህና ነኝ፣ ግን…» ብለው ነው የሚጀምሩት። እኔም ዛሬ እዚያች «ግን» ላይ ልቆይ። ጥያቄውን አስቀድሜ መልሴን አስከትላለሁ።

ከባድ የሚባል ኃጢአት የለብኝም። ከቤተ ክርስቲያን አልቀርም፣ አሥራቴን አወጣለሁ። ግን ስብከት ሰምቼ ስወጣ «ይሄ እንኳ ለእከሌ ነበር» ነው የምለው። ችግር አለው?

አለው። አንተም ጠርጥረኸዋል፤ ባትጠረጥር ኖሮ አትጽፍልኝም ነበር። እኔ ራሴ ስንቱን ስብከት ለሌላ ሰው አድዬ ባዶ እጄን ወጥቻለሁ።

የሰርዴስን ታሪክ ልንገርህ። ከተማዋ ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር ነበረች። ምሽጓ ገደል አናት ላይ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዘመን የፋርሱ ቂሮስ ከበባት። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው፣ ከከተማዋ ወታደሮች የአንዱ የራስ ቁር ገደል ገባበት። ሰውየው ወርዶ አነሣውና ተመልሶ ወጣ። ከጠላት ወገን አንዱ ይህን ቆሞ ያይ ነበር። በማግስቱ በዚያው በኩል ወጡ። ዘበኛ አልነበረም፤ «ይህን ገደል ደግሞ ማን ይወጣዋል?» ተብሎ ተትቷል። ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ ከተማዋ እንደገና ባልተጠበቀ ቦታ በኩል ተያዘች። አንዴ አይበቃም ነበር?

ራእይ ምዕራፍ 3 ላይ ጌታ ለሰርዴስ ቤተ ክርስቲያን «ባትነቃ እንደ ሌባ እመጣብሃለሁ» ይላል። የከተማው ሰው ይህን ሲሰማ የትኛው ገደል ትዝ እንደሚለው መገመት አይከብድም። አንተም «በዚህ እንኳ አልታማም» የምትልበትን በር ፈልግ። ዘበኛ የሌለው እዚያ ነው።

ድሮ ስጸልይ እንባዬ ይወርድ ነበር። አሁን ቃሉን ብቻ ነው የማነበንበው። ለብ ብያለሁ ማለት ነው?

የግድ አይደለም፣ እህቴ። መድረቅና ለብ ማለት ይለያያሉ። የደረቀ ሰው ይጠማዋል። ለብ ያለው አይጠማውም። አንቺ ደግሞ ጠምቶሽ ነው የጻፍሽልኝ።

ማዘር ቴሬዛ ካረፉ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2007 እ.ኤ.አ.፣ ደብዳቤዎቻቸው ሲታተሙ ብዙ ሰው ደነገጠ። ለአሥርት ዓመታት በጸሎታቸው የእግዚአብሔር መገኘት ሳይሰማቸው ነበር የኖሩት። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ግን የሚሞቱ ድሆችን ማስታመም አላቆሙም። እኚህን ሴት ለብ ያሉ ናቸው የሚል ካለ እኔ የለሁበትም።

«ለብ» የሚለው ቃል የመጣው በዚያው በራእይ ምዕራፍ 3 ለሎዶቅያ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ከተጻፈው መልእክት ነው። ጎረቤቷ ሂራፖሊስ ፍል ውሃ ነበራት። ቆላስይስ ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃዋ ትነሣለች። የሎዶቅያ ውሃ ግን ከሌላ ቦታ በድንጋይ ቧንቧ የሚመጣ ነበር። ፍሉ ሕመም ያስታግሳል፣ ቀዝቃዛው ጥም ይቆርጣል፤ መሐል የቀረው አፍ ውስጥ ገብቶ ይተፋል። ስለዚህ «በራድ ወይም ትኩስ ብትሆንስ መልካም በሆነ ነበር» ሲባል ጌታ ስሜታችንን በቴርሞሜትር እየለካ ነው ብዬ አላምንም። በሽታው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ቁጥር 17 ላይ ነው፦ «ሀብታም ነኝ… አንድም ስንኳ አያስፈልገኝም»። በ60 እ.ኤ.አ. ከተማዋ በምድር መናወጥ ስትፈርስ፣ ያለ ሮም እርዳታ በራሷ አቅም መልሳ እንደ ቆመች የሮሙ ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ ጽፏል። «አያስፈልገኝም» ማለት አብሯት ያደገ ቋንቋ ነበር።

አንቺ የሚያስፈልግሽ ነገር እንዳለ ታውቂያለሽ። ማነብነብሽን ቀጥይ።

«ከዛሬ ጀምሮ» ብዬ ፕሮግራም አወጣሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሣት፣ በቀን አሥር ምዕራፍ ማንበብ፣ መጾም። በአራተኛው ቀን ሁሉም ቀረ። አሁን ከበፊቱ ብሶብኛል።

አሥር ምዕራፍ! ወንድሜ፣ ለሳምንት ስንቅ ነው በአንድ ቀን የጫንከው።

ራእይ ምዕራፍ 2 ላይ ለኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን የተባለው እንዲህ ነው፦ «ከወዴት እንደ ወደቅህ አስብ ንስሐም ግባ የቀደመውንም ሥራህን አድርግ»። «የቀደመውን ስሜትህን መልስ» አልተባለም። ስሜት ታዝዞ አይመጣም። ሥራን ግን እጅና እግር ያውቁታል። የቀደመው ሥራህ ምን ነበር? አሥር ምዕራፍ እንዳልነበረ እገምታለሁ። ምናልባት አልጋህ ጫፍ ተንበርክከህ ሳትላት የማትተኛት አንዲት መዝሙረ ዳዊት ነበረች። ምናልባት በስም እየጠራህ የምትጸልይላቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ። ወይም የታመመ ሰው እንዳለ ከሰማህ ሳትጠይቅ አታድርም ነበር። እሷን ብቻ መልስ። ሌላው ይቆይ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ስልክህን ሌላ ክፍል አሳድረው። ይሄ ከመንፈሳዊ ምክር ይቆጠር አይቆጠር እንጃ። እኔን ግን ጠቅሞኛል።

ጉባኤው ቀዝቅዟል፣ ሰዎቹ ፍቅር የላቸውም። ሌላ ቤተ ክርስቲያን ብሄድ የምነቃ ይመስለኛል።

ትምህርቱ ከተበላሸ ወይም በደል ካለ ሂድ፤ አልከለክልህም። ካልሆነ ግን ከመሄድህ በፊት ኤዋግሪዮስን ስማው። በግብፅ በረሃ የኖረ፣ በ399 እ.ኤ.አ. ያረፈ መነኩሴ ነው። መዝሙር 91 ላይ ያለውን «የቀትር ጋኔን» ከሐኬት፣ ማለትም ከመንፈሳዊ ስንፍናና መሰላቸት ጋር አያይዞ ጽፎበታል። ከረፋዱ 4 እስከ 8 ሰዓት ይመጣል ይላል። ፀሐይዋ የቆመች፣ ቀኑም 50 ሰዓት የሆነ ይመስላል። መነኩሴው በመስኮት እያየ 9 ሰዓት ሊሆን ስንት ቀረው ይላል፤ የምግብ ሰዓት ነዋ። ቀጥሎ በዓቱን ይጠላል። ቀጥሎ «ወንድሞች ፍቅር የላቸውም» ይላል። በመጨረሻም «እግዚአብሔርን ሌላ ቦታ ሆኖም ማገልገል ይቻላል» ብሎ ጓዙን መጠቅለል ያምረዋል።

ከ1,600 ዓመት በፊት ያንተን ደብዳቤ ጽፎልሃል። እስኪ አንድ ወር ቆይ። በዚያ ወር ከእነዚያ «ፍቅር የላቸውም» ካልካቸው ሰዎች አንዱን ቤቱ ሄደህ ጠይቀው። ከዚያ በኋላም ልሂድ ካልክ መርቄ እሸኝሃለሁ።

ባለቤቴ ጸሎት ትቷል። ስብከት በስልኩ እልክለታለሁ፣ አይከፍተውም። ምን ላድርግ?

መላኩን ተዪው። 1 ጴጥሮስ 3 ላይ ለሚስቶች የተሰጠው ምክር «ያለ ቃል» ይላል። ቴሌግራምም ቃል ነው።

ስለ መንፈሳዊ ስንፍና በተነገረ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ። የቱንም ያህል ብጸልይ የበቃ አይመስለኝም።

እንግዲያው የዛሬው ጽሑፍ ለአንቺ አይደለም፤ ዝለዪው። ኤልያስ «ይበቃኛል» ብሎ በተኛ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፣ በልቶም እንደገና ተኛ። ይህን ጭንቀት ግን ለብቻሽ አትያዢው። ለምታምኚው የነፍስ አባት ወይም ለመጋቢሽ ንገሪ። እንቅልፉ ካልተመለሰ ሐኪምም አማክሪ።

ሁሌ ሰው ትመክራለህ። አንተ ቀዝቅዘህ አታውቅም?

ይቺን ጠብቄአት ነበር።

አንድ ማታ ከእራት በፊት እንደ ልማዴ ቆሜ ጸሎት ጀመርኩ። «አባት ሆይ፣ ስለዚህ ቀን…» ከማለቴ ትንሿ ልጄ ዓይኗን እንደ ጨፈነች ቀጠለችው። የእኔን ድምፅ አስመስላ፣ ጉሮሮዬን የምጠርግበት ቦታ ላይ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ አንድ ቃል ሳትስት እስከ አሜን አደረሰችው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያንን ጸሎት ለመጨረሻ ጊዜ ከልቤ ያልኩት መቼ እንደሆነ ላስታውስ ብሞክር አቃተኝ።

በማግስቱ በራሴ ቃል ልጸልይ ቆምኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብዬ አለቀብኝ። ልጄ አንድ ዓይኗን ገልጣ «አለቀ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። ቁጭ አልን።