የኋላ ዲፍረንሻል ዘይት ራስህ ለመቀየር

ወንድሜ፣ የፒካፔን የኋላ ዲፍረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን የጥርስ ቤት) ዘይት ራሴ ብቀይር አበላሸው ይሆን ላልከው፣ አታበላሸውም። አንድ ነገር ብቻ እንዳትረሳ። ከምንም በፊት የመሙያውን ብሎን ፍታ። እሱ አልፈታ ካለህ የማፍሰሻውን እንዳትነካው፤ ዘይቱን አፍስሰህ መልሰህ የምትሞላበት ካጣህ መኪናዋ እዚያው ቆማ ትቀራለች። እኔ በራሴ ላይ ደርሶ ነው የተማርኩት፣ ስንት ሰው ሳቀብኝ።

መጀመሪያ ትንሽ ንዳት፣ ዘይቱ ሞቅ ሲል ቶሎ ይወርዳል። ስትሞላ ግን ሜዳ ላይ ትቁም፤ ኋላዋን ብቻ በክሪክ ካነሳህ ልኩ ይሳሳታል። ክሪክ ብቻ አምነህም ከስር አትግባ። ማፍሰሻ ብሎን ከሌላት የኋላውን ክዳን መፍታት ነው፤ የታችኞቹን ብሎኖች አውጣ፣ የላዮቹን ግን አላላቸው እንጂ አታውጣቸው፣ አለዚያ ዘይቱ ፊትህ ላይ ነው የሚያርፈው። ስትመልሰው አሮጌውን ጋስኬት (ዘይት እንዳያፈስ ከክዳኑ ስር የሚገባውን) አትጠቀም።

ውስጥ የብረት ብናኝ የሚሰበስበው ማግኔት ላይ (ብዙ ጊዜ ማፍሰሻው ብሎን ወይም ክዳኑ ላይ ነው) ጥቁር ጭቃ መሳይ ነገር ብታይ አትደንግጥ፣ የዲፍረንሻሉ ጥርሶች ብናኝ ነው። ስባሪ ብረት ከሆነ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ወተት የመሰለ ዘይት ከወጣ ውሃ ገብቷል፤ የዲፍረንሻሉን የአየር መተንፈሻ ቱቦ እይ።

የዘይቱን ዓይነት ከመኪናዋ መመሪያ አረጋግጥ። ብዙ ጊዜ ደረጃው ጂኤል 5 ነው፣ ውፍረቱ ደግሞ 75 ደብሊው 90 ወይም 80 ደብሊው 90፤ ቆርቆሮው ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ። ዲፍረንሻሉ ሊሚትድ ስሊፕ (አንዱ ጎማ ብቻውን በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚገታ ዓይነት) ከሆነ ዘይቱ ውስጥ የሚጨመር ሌላ ፈሳሽ ሊፈልግ ይችላል። በመሙያው ቀዳዳ መፍሰስ እስኪጀምር ሙላ፣ ጠብታው ሲያቆም ዝጋ።