ለውሻ ከፍራፍሬ ምን ይሠራለታል?

ሰላም እህቴ። «ለውሻዬ ቤት ካለው ፍራፍሬ መክሰስ ልሥራለት ብዬ ነበር፤ ዘቢብ ባስገባበትስ?» ላልሽው፣ ከዘቢቡ ልጀምር። ዘቢብም ሆነ ወይን በፍጹም አትስጪው! ጥቂት ፍሬ እንኳ የውሻን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። አንዱ በልቶ ደህና ሲሆን ሌላው ይታመማል፤ ስለዚህ «የእኔ በልቶ ምንም አልሆነም» የሚልሽን ሰው አትስሚ። ድንገት ከበላ እስኪያስመልሰው ሳትጠብቂ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጂው።

እኔ የምወደው የሙዝና የእርጎ በረዶ ነው። ልጣጩ ላይ ጥቁር ነጥብ ጣል ጣል ያለበትን፣ በደንብ የበሰለ ሙዝ በሹካ ጨፍልቂው። ስኳር የሌለው እርጎ ሁለት ማንኪያ ጨምሪበት። የበረዶ መሥሪያው ውስጥ አድርጊና ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪው። ወተት ነክ ነገር ሆዱን የሚያውከው ከሆነ በእርጎው ፈንታ ትንሽ ውሃ ይበቃል። ስኳርና ማር አያስፈልገውም፣ ሙዙ ራሱ ጣፋጭ ነው።

ፓፓያ፣ ሐብሐብና ፖምም ይሆናሉ፤ ፍሬያቸውን አውጪ፣ ልጣጩንም ላጪ። ማንጎም ይበላል፣ ግን የመሃሉ ትልቁ ፍሬ አንጀት ሊዘጋ ስለሚችል ቆሻሻ መጣያውንም ክደኚው። አቮካዶ ይቅርበት።

የኦቾሎኒ ቅቤ መጨመር ካማረሽ ጀርባውን አንብቢ። ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ካለበት ለውሻ መርዝ ነው።

ትንሽ ውሻ ከሆነ በቀን አንድ ፍሬ በረዶ ይበቃዋል። መክሰስ ከዕለት ምግቡ ከ10 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ስኳር በሽታ ካለበት ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቂ።