እውነት አንድ ኮከብ ነው ወይስ ተደራርበው? (ስለ አር136ኤ1 ለተጠየቀው)

የኮምቦልቻዋ እህቴ፣ «አር136ኤ1 ከፀሐይ 200 እጥፍ ይከብዳል ይባላል፤ ብዙ ኮከቦች ተጠጋግተው አንድ መስለው ቢሆንስ? ከደሴ ተራሮች ላይስ ይታያል?» ብለሻል። ጥርጣሬሽ ልክ ነው፤ ስህተቱም ተሠርቶ ያውቃል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኮከቡ የሚገኝበት፣ በታራንቱላ ኔቡላ (ሩቅ የጋዝ ደመና) ውስጥ ያለው አር136 የተባለ የኮከቦች ክምችት እምብርት ከፀሐይ ከ1000 እጥፍ በላይ የሚከብድ አንድ ኮከብ ነው ተብሎ ነበር። በ1985 ምስሉ ሲጠራ ቢያንስ ስምንት ኮከቦች ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ከመመዘን በፊት መቁጠር ይቀድማል። ክምችቱ ከ160,000 የብርሃን ዓመት በላይ ስለሚርቅ፣ አር136ኤ1ን (ባጭሩ ኤ1ን) ከጎረቤት ኮከቡ ከኤ2 የሚለየው ክፍተት 0.1 አርክ ሰከንድ (የአንድ ዲግሪ 36,000ኛ ክፍል) ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ምድር ከፀሐይ የምትርቀውን 5,000 ጊዜ ገደማ ማለት ነው። በዚህ ክፍተት ውስጥ የጎረቤት ብርሃን ከገባ ክብደቱ ይጋነናል። በ2010 ከፀሐይ 265 እጥፍ የተባለው ኤ1፣ በ2022 ይበልጥ በጠራ ምስል ሲለካ 196 አካባቢ ሆኗል።

ኮከቡ ከተነጠለ በኋላ ስፔክትረሙ (በሞገድ ርዝመት የተዘረዘረው ብርሃኑ) ይታያል። የሚፈለገው 468.6 ናኖሜትር ላይ፣ በአልትራቫዮሌት ደግሞ 164 ላይ ያለው የሂሊየም ደማቅ መስመር ነው። ዋናው ነገር ስፋቱ ነው። በሰከንድ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስ የኮከብ ነፋስ መስመሩን ያሰፋዋል፤ ቀጭን ከሆነ ግን ምንጩ በዙሪያው ያለው ጋዝ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ቀጥሎ ነው፤ ያረጁ የዎልፍ-ራዬ ኮከቦችም (የውጭ ሃይድሮጂናቸውን በነፋስ ያጡ ግዙፍ ኮከቦች) ያው ሰፊ መስመር አላቸው። መለያው ሃይድሮጂን ነው፤ ወጣቱ ግዙፍ ኮከብ ገና እሱን እያቃጠለ ስለሆነ የሃይድሮጂን መስመሮቹ አብረው ይወጣሉ። ኮከቦቹ በማይነጠሉበት ሩቅ ክምችት ደግሞ የጅምላው ብርሃን ይመረመራል፦ 137.1 ናኖሜትር ላይ ኦክስጅን፣ 164 ላይ ሰፊ ሂሊየም ኖሮ 140 አካባቢ የሲሊከን የነፋስ ምልክት ከሌለ፣ ዕድሜው ከ2 ሚሊዮን ዓመት በታች ነው፤ ዎልፍ-ራዬ ለመፍጠር ገና ነው።

ክብደቱ የሚወጣው ከሙቀቱና ከጠቅላላ ብርሃኑ ነው፤ እዚህ ላይ ብርሃኑን የሚጋርደው አቧራ ያሳስታል። የአቧራው ግምት በግማሽ ማግኒትዩድ (የኮከብ ድምቀት መለኪያ) ቢሳሳት ብርሃኑ 60 በመቶ ገደማ ይዛባል፤ በዚህ ግዝፈት ደግሞ ስህተቱ አብዛኛው ወደ ክብደቱ ያልፋል። እጅግ የሚታመነው ጥንድ ኮከብ ሲገኝ ነው። ኤንጂሲ 3603 በተባለ ሌላ ክምችት ውስጥ ያለው፣ እሱም ኤ1 የሚባለው፣ በ3.77 ቀን የሚዞር ጥንድ ስለሆነ፣ በ2008 የሁለቱ ክብደት ከምህዋሩ ተሰልቶ ከፀሐይ 116 እና 89 እጥፍ ተብሎ ነበር።

ከደሴ ሲታይ፣ አር136ኤ1 ያለበት የሰማይ አካባቢ ከአድማስ ከ10 ዲግሪ አይዘልም። ደቡቡ ያልተጋረደ ከፍታ ምረጪ፤ በታኅሣሥ መጀመሪያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አለፍ ሲል፣ በጥር ማገባደጃ ከምሽቱ 3 ሰዓት አለፍ ሲል ከፍ ይላል። በባይኖኩላር ታራንቱላ ኔቡላን እንደ ደብዛዛ ነጥብ ታገኚዋለሽ፤ ኮከቡን ለይቶ ማየት ግን አይቻልም።