ሁዌይዡ፦ ክፍለ ሀገር ወይስ አውራጃ?

ጥያቄ፦ የጥንቷን የቻይና ሁዌይዡን አጭር ታሪክ እየተረጎምኩ ነው። እንግሊዝኛው «ፕሪፌክቸር» ይላታል። አንዱ ጓደኛዬ «ክፍለ ሀገር በላት» ይለኛል፣ ሌላው «ቃሉን እንዳለ ተወው» ይላል። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱንም አይስሟቸው፤ «አውራጃ» ይበሏት። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገራችንን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ከፋፍሎ ነበር። «ክፍለ ሀገር» በደርግ ዘመን የጠቅላይ ግዛትን ቦታ የወሰደ ቃል ነው። በመጨረሻው የቻይና ሥርወ መንግሥት፣ በቺንግ ዘመን፣ ሁዌይዡ የነበረችው መሐል ላይ ነው፤ በላይዋ ጠቅላይ ግዛቱ አንሁዊ፣ በሥሯ ስድስት ወረዳዎች። አንሁዊ ራሱ ስሙን በ1667 እ.ኤ.አ. ያገኘው ከአንቺንግና ከሁዌይዡ የመነሻ ቀለማት ነው፤ በእኛ ሰፈር እናት «የእገሌ እናት» ተብላ በልጇ እንደምትጠራው መሆኑ ነው። «ፕሪፌክቸር» ብለው ቢተዉት ደግሞ አንባቢው ጃፓንን ያስባል፤ እዚያ ግን 47ቱ የላይኛው እርከን ናቸው።

ዋናው ጣጣ በስሟ መጨረሻ ያለው «ዡ» ነው፤ የአስተዳደር እርከን መጠሪያ ነው። በጥንቱ የሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን ዡ ብዙ አውራጃዎችን በበላይነት የሚያይ ሰፊ ግዛት ነበር። በ583 እ.ኤ.አ. የሱዊ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ወን መካከለኛውን እርከን ሲሰርዝ ዡ ወርዶ በቀጥታ ከወረዳ በላይ ተቀመጠ። ስለዚህ ያው ቃል በሃን ታሪክ «ጠቅላይ ግዛት»፣ ከሱዊ ቀጥሎ በመጣው በታንግ ታሪክ «አውራጃ» ሊሆን ይችላል። በኮምፒውተር አንዴ ፈልጎ ሁሉን መተካት እዚህ ላይ ጉድ ይሠራል።

ስሙንም በዘመኑ ይጻፉ። እስከ 1121 እ.ኤ.አ. ድረስ ስሟ ሸዡ ነበር፤ ሁዌይዡ የተባለችው የሶንግ መንግሥት ፋንግ ላ የተባለ ሰው የመራውን ዐመፅ ከደመሰሰ በኋላ ነው።

«የሁዌይዡ አውራጃ» ማለት ድግግሞሽ አይሆንም? ይሆናል። ግን ሰሃራም በዐረብኛ በረሃ ማለት ነው፤ «የሰሃራ በረሃ» ስንል ማን ተቆጣን?

ሹሙን ግን አደራ «ባላባት» እንዳይሉት። ባላባት ከአገሩና ከርስቱ የተተከለ ሰው ነው። የቺንግ ሕግ ደግሞ የአውራጃ ሹም በትውልድ ጠቅላይ ግዛቱ እንዳይሾም ይከለክል ነበር። «የአውራጃ ገዥ» ይበቃዋል።